የማታ ጥላ በጠዋት ድልድይ

እማማ ቁልፌ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ፣ "ዝጉ፣ ዝጉ" እያሉ ሁሉን የሚጨቀጭቁበት በር ገርበብ ብሎ ጠበቃቸው። "ማሙሽ!" ብለው ልጃቸውን ተጣሩ። መልስ የለም። አንድ እግራቸውን ወደ ሳሎኑ እንዳስገቡ ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ። ከደረጃው ሥር አሮጊቷ የሥዕል መምህርት ተዘርረዋል፤ ከጆሯቸው በላይ ደም ረግቷል። ቀና ሲሉ ደግሞ ታላቁ ሰዓሊ በእጁ የሳለው የድልድዩ ሥዕል ከግድግዳው ላይ የለም። ፍሬሙ ብቻ፣ መሃሉ ባዶውን፣ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

ጩኸታቸው ወንዙ ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አምቡላንሱ መምህርቷን ይዞ ሄዷል። "ትንፋሽ አላቸው፤ ራሳቸውን ግን አያውቁም" አላት ሳጅኑ በሩ ላይ ተቀብሎ። ይህ ሳጅን ነገር ሁሉ በትኩሱ ካልተበላ የሚበርድ የሚመስለው ሰው ነው። እሷ ደግሞ ባልደረቦቿ "ወንፊት" የሚሏት ናት። ያገኘችውን ሁሉ ሳትነፋ ስለማታሳልፍ ነው፤ አንዳንዴም በሰው ፊት እንዲያ ይሏታል፤ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ታላቁ ሰዓሊ ከሞተ ብዙ ዘመን ተቆጥሯል። በወጣትነቱ ከአገር አገር እየዞረ የሳለባቸውን ቦታዎች ግን መምህርቷ እንደ መዳፋቸው ነው የሚያውቋቸው። በየዓመቱ ተማሪዎች አስከትለው ይወጣሉ። ሰውየው የቆመበት ይቆማሉ፣ ያየውን ያያሉ፣ የሳለውን ይሥላሉ። የጉዞው መጨረሻ ሰዓሊው አንድ በጋ ተከራይቶት የነበረው ይህ ቤት ነው። እማማ ቁልፌ የቤቱ ጠባቂ ናቸው፤ የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው ስለማይጠፋ ስሙ ወጣላቸው። ልጃቸው ማሙሽ ቤቱን ይጠግናል፣ ያጸዳል። ሽበት ጀምሮታል፤ ግን እናቱ አንዴ ማሙሽ ካሉት ማን ይለውጠው?

ኢንስፔክተሯ ከባዶው ፍሬም ፊት ቆመች። ሥዕሉ ያረፈው በስስ እንጨት ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ከፍሬሙ ጀርባ በትንንሽ ሚስማር ተይዞ። ሚስማሮቹ አልተጣሉም። ከሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በሲኒ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ተሰብስበው ተቀምጠዋል።

"ሌባ ሚስማር ሲሰበስብ አይተህ ታውቃለህ?" አለችው ሳጅኑን።

"ጨዋ ሌባ ይሆናላ።"

"እሺ፤ ጨዋው ሌባ አሮጊት ፈነከተ?"

ሳጅኑ ራሱን አከከ። ከዚያ ደስ እያለው ዋናውን ነገር አወጣ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ማሙሽ ጠፍጣፋ ነገር በአንሶላ ጠቅልሎ በጠዋት ሲወጣ አይቷል። ማሙሽ ደግሞ ከዓመታት በፊት በሌብነት ታስሮ የወጣ ነው።

ይህን ሲነጋገሩ ማሙሽ ራሱ እጁን እያወዛወዘ በግቢው በር ገባ። ሰው ተሰብስቧል፤ እናቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

"ጠዋት ምን ይዘህ ነበር የወጣኸው?" አለችው ኢንስፔክተሯ።

ማሙሽ እናቱን በጎን አየ።

"ምንም" አለ።

በዚች አንዲት ቃል ጉድ ፈላ። ፀጉር አስተካካዩ "ኧረ በአንሶላ ጠቅልለህ!" አለ፤ ሕዝቡ "ድሮስ!" አለ፤ ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ኢንስፔክተሯ ሚስማሮቹን ብታስብም፣ በፖሊስ ፊት ዓይን ያወጣ ውሸት የዋሸን ሰው ትታ መሄድ አትችልም። ማሙሽ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጁ ታስሮ መኪና ውስጥ ገባ። አንገቱ አልቀና ብሎት ነበር።

ፖሊሶቹ ቤቱን እንደ ጥጥ ባዘቱት። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ጣራ ሥር ተወጣ፣ የዱቄት በርሜል ሳይቀር ተፈተሸ። የተረፈው በረንዳው ብቻ ነበር፤ እዚያ ተማሪዎቹ ጩኸቱን ሰምተው ሲሮጡ ይዘዋቸው የመጡት ሥዕሎች ግድግዳ ተደግፈው ሲደርቁ፣ አንዱ ፖሊስ ሊያነሳ ሲል "እርጥብ ነው፣ አትንካ!" ብለው ጮኹበት። እሱም እጅጌውን ሰማያዊ አድርጎ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ እጁን ወደዚያ የዘረጋ የለም።

* * *

ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ የፋርማሲ ባለቤት የሆነች ሴትዮ፣ እና አንድ የጥርስ ሐኪም። ሦስቱም ጠዋት ፎቅ ላይ ካለው ክፍል የየራሳቸውን ሰሌዳ አንስተው ወደ ድልድዩ ወርደዋል። ችግሩ አልተያዩም። እያንዳንዱ "ታላቁ ሰዓሊ የቆመው እዚህ ጋ ነው" እያለ ለብቻው ጥግ ይዞ ነበር። ማንኛቸውም ተነስተው ቤት ደርሰው ቢመለሱ የሚያውቅ የለም።

"ምስክሬ ሥዕሌ ነው" አለ መሐንዲሱ በኩራት። "ይህን የሚያህል ሥራ ሰው እየተሯሯጠ አይሠራውም።"

ሴትዮዋ ግን ለኢንስፔክተሯ ሌላ ነገር ነገረቻት። "ትናንት መምህርቷ ተቆጥተውን ነበር። 'እናንተ ድልድዩን አትሥሉም፤ ሳሎን የተሰቀለውን ነው በሆዳችሁ ይዛችሁ የምትወጡት። ነገ ዓይናችሁን እከፍተዋለሁ' አሉን። እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። እናቴ እንኳ እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም።"

"በምን ሊከፍቱት?"

"እንጃ። ጠዋት ስንወጣ ክፍላቸው ነበሩ፤ 'ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ' አሉን በበሩ።"

"ስትወጡ ሳሎኑ ውስጥ ሥዕሉ ነበር?"

"እኛ በጓሮው ደረጃ ነው የወጣነው። ሳሎን አልገባንም።"

የጥርስ ሐኪሙ ለጥያቄ እንኳ ጊዜ አልሰጣትም። ስትናገር አፏን አፏን እያየ፣ "ከኋላ በግራ በኩል የሚያምዎት የለም?" አላት። ያማት ነበር። "አሁን እሱን ተወው" አለችው፤ ግን ከዚያ በኋላ አፏን ከፈት አድርጋ መናገር ተሳናት።

ከሆስፒታል ሳጅኑ የመምህርቷን ሽርጥ ይዞ መጣ። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ፒንሳና አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር ነበር። "ሰዓሊዎች እንዲህ ያለ ነገር ይይዛሉ" አለ ሳጅኑ። ኢንስፔክተሯ ፒንሳውን ስታገላብጥ ቆየችና በፖስታ ከተተችው።

* * *

በማግስቱ ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ትናንት በወጡበት ሰዓት፣ ኢንስፔክተሯ ድልድዩ ላይ ነበረች። እማማ ቁልፌ ቀድመዋታል። ሌሊቱን አልተኙም፤ ዓይናቸው አብጧል።

"ልጄ" አሏት፣ "ማሙሽ በፊት ሰርቋል፤ አልዋሽሽም። ከወጣ ወዲህ ግን የሰው ክር አልነካም። የቤቱ ባለቤቶች ሲቀጥሩት ምን አሉ መሰለሽ? 'ዳግመኛ ስሙ ፖሊስ ጋ ከተጠራ ሁለታችሁም ጓዛችሁን ትጠቀልላላችሁ' አሉን። እኔስ ግድ የለም፤ የትም እወድቃለሁ። እሱ ግን ይህችን ሥራ ካጣ ሰው አይሆንም። አውቀዋለሁ፣ የወለድኩት ነኝ።"

"እማማ፣ ታዲያ ለምን ዋሸኝ?"

"እሱን ነው እኔም ሌሊቱን ስጠይቅ ያደርኩት።"

በዚያው ቅጽበት የኢንስፔክተሯ ስልክ ጠራ። ሳጅኑ ነበር፤ ቅር እንዳለው ድምፁ ያስታውቃል። ማሙሽ ማታ ተናግሯል። ጠቅልሎ የወሰደው የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ነው፤ ሲላጭ ጥሎት ተሰንጥቆ፣ እናቱ ሳያዩ ሊያስቀይረው። መስታወት ቆራጩ ዕቃውን ከተቀበለው በኋላ ለቅሶ ሄዶ ማታ አልተገኘም ነበር፤ አሁን ሱቁን ሲከፍት ሳጅኑ ሄዶ አረጋግጧል፣ መስታወቱ እዚያው አለ። "ግን አለቃ፣ ሥዕሉን ከመስታወቱ ጋር ደርቦ አውጥቶት ቢሆንስ? ሴትየዋንስ ማን ፈነከታቸው?"

ስልኩን ስትዘጋ እማማ ቁልፌ ሰምተው ኖሮ አፋቸውን ይዘዋል። "ወይኔ ልጄን! ለመስታወት? እኔን ፈርቶ?" አሉና ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። ኢንስፔክተሯ ትከሻቸውን ያዘቻቸው። ልጁ እውነቱን እንደተናገረ በልቧ አመነች። ግን የሷ ልብ ማስረጃ አይሆንም። ሥዕሉ እስካልተገኘና መምህርቷ እስካልነቁ ማሙሽ ከጥርጣሬ አይወጣም።

ትናንት የሦስቱንም ሥዕል በረንዳው ላይ ካሉበት ሳትነካቸው፣ ፊታቸውን በስልኳ አንስታ ነበር። አሁን የመሐንዲሱን ከድልድዩ ጋር አስተያየችው። ፀሐይዋ ከኮረብታው በኩል ወጥታለች፤ የድልድዩ ጥላ ወንዙ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት በኩል ተኝቷል። በመሐንዲሱ ሥዕል ላይ ግን ጥላው በተቃራኒው ነው።

"ያዝኩህ!" አለች ጮክ ብላ።

መሐንዲሱን አስጠራችው። ሰውየው ከፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ ደረሰ።

"ይህን በጠዋት ሳልኩት ብለኸኛል።"

"አዎ።"

"ጥላው የማታ ነው። ፀሐይ ስትገባ እንጂ ስትወጣ እንዲህ አይተኛም። ትናንት ጠዋት እዚህ ካልነበርክ የት ነበርክ?"

መሐንዲሱ ሥዕሉን አየ፣ ድልድዩን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ። ፊቱ ቀላ። "እዚሁ ነበርኩ… እግዜር ያሳይሽ፣ እዚሁ!"

ኢንስፔክተሯ ልትቀጥል ስትል የሴትዮዋን ሥዕል ስልኳ ላይ ከፈተች። የሷም ጥላ የማታ ነው። ከድልድዩ አጠገብ ደግሞ ትልቅ ዛፍ ተስሏል። ኢንስፔክተሯ ቀና አለች። ዛፍ የለም።

"እማማ፣ እዚህ ጋ ዛፍ ነበር?"

"ኧረ እሱ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ! ማሙሽ ሳይወለድ ነው።"

መሐንዲሱ ከኪሱ የጉዞውን ማስታወቂያ አወጣ። ፊቱ ላይ የጠፋው ሥዕል ፎቶ ታትሟል፤ ዛፉ አለ፣ ጥላው የማታ ነው። ኢንስፔክተሯ ሁለቱን አስተያየች። ሳቋ አመለጣት። ይህ ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ ወንበር ዘርግተው፣ ፀሐይ እያንቃቃቸው፣ ከፊታቸው ያለውን ድልድይ አላዩትም። ታላቁ ሰዓሊ ያየውን ነው የሳሉት፤ የሞተ ሰው የማታ ጥላ በጠዋት ድልድይ ላይ። መምህርቷ የተቆጡት ወደው አይደለም።

"እንግዲህ ተዋርደናል" አለ መሐንዲሱ፣ የድልድዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ።

"ውርደቱስ ይሁን፣ ከእስር ድነሃል" አለችው።

ከዚያ የጥርስ ሐኪሙን ሥዕል ከፈተች። ድልድዩ ጠማማ ነው፤ ውሃው ሣር ይመስላል። ጥላው ግን ወደ ወፍጮ ቤቱ ተኝቷል፤ ዛፍ የለም፤ በዛፉ ቦታ የመብራት ምሰሶ ቆሟል። ሐኪሙ በዓይኑ ያየውን ነው የሳለው። ቀለሙ ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ደብዝዟል፣ ገርጥቷል፤ በአንዳንድ ቦታ እንጨቱ ይታያል።

* * *

የጥርስ ሐኪሙ በረንዳው ላይ ቁርሱን ሲበላ አገኘችው።

"ዶክተር፣ ቀለምዎ ለምን ገረጣ?"

"እኔ ምን ላድርግ!" አለ ልቡ እንደቆሰለ ሁሉ። "መጨረሻ ስለደረስኩ የማይረባው ሰሌዳ ቀረልኝ። የነሱ ሁሉ ነጭ ተቀብቶ የተዘጋጀ ነው፤ የኔ ደረቅ እንጨት። ቀለሙን እንደ ተቦረቦረ ጥርስ ይውጠዋል። ስሞላው ስሞላው አረፈድኩ።"

"ሌሎቹ ሰሌዳዎች አጠገብ ነበር?"

"ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊቱን አዙሮ። በአንድ በኩል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፤ ፋብሪካው እንዲያ አሽጎ የሚሸጠው መስሎኝ፣ ወረቀት በሌለው በኩል ሳልኩ።"

ሚስማሮቹ፣ ፒንሳው፣ የወረቀት ፕላስተሩ፣ "ነገ ዓይናችሁን እከፍተዋለሁ" የሚለው ቁጣ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ።

"ወረቀቱን ልጠውታል?"

"ለምን እልጠዋለሁ? ከጀርባ ያለ ነገር ምን ያደርግልኛል?"

"ዶክተር፣ በሞቴ እንዳይንቀሳቀሱ።"

ወደ ግድግዳው ሄደች። ፖሊስ ሁሉ ቤቱን ሲያምስ ማንም ያልነካውን እርጥብ ሥዕል በጠርዙ ይዛ አዞረችው። ጀርባው ላይ ነጭ ወረቀት፣ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር በጥንቃቄ ተለጥፎ። አንዱን ጥግ በጥፍሯ አነሳችው። የማታ ፀሐይ፤ ቀይ፣ ወርቃማ። ከዚያ ዛፉ። ከዚያ ድልድዩ።

ሐኪሙ የያዘውን ዳቦ እንደያዘ ቀረ። "እኔ… እኔ በታላቁ ሰዓሊ ሥዕል ጀርባ ላይ…?"

"የመብራት ምሰሶ ሳሉ።"

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ከድልድዩ ተከትለዋት የመጡት እማማ ቁልፌ ግን ሥዕሉን እንዳዩ መሬት ስመው ተነሱ፣ ከዚያ ሐኪሙን፣ ከዚያ ኢንስፔክተሯን፣ በመጨረሻ ሰማያዊ እጅጌ ያለውን ፖሊስ ሳይቀር ሳሙት። ኢንስፔክተሯ ትናንት ሙሉ ቀን ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ሲወርድ ተሰማት።

መምህርቷ ከሰዓት በኋላ ነቁ። ኢንስፔክተሯ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ያሉት "ልጆቹ ምን ሳሉ?" ነው።

"የማታ ጥላ።"

"ወይ ጉድ! ሁሉም?"

"ከአንዱ በቀር። የጥርስ ሐኪሙ ያየውን ሳለ።"

የአሮጊቷ ፊት በራ። ከዚያ እያረፉ፣ ውሃ እየጠጡ ነገሯት። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ላይ ማንሳት ስላቃታቸው፣ በማለዳ ሥዕሉን ከፍሬሙ አውጥተው፣ አቧራ እንዳይነካው ፊቱን ሸፍነው፣ ፎቅ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት። ሰዓሊ ሁሉ የሚወደውን ሥራ እንዲያ ነው የሚያቆየው። ባዶውን ፍሬም ግን ሆነ ብለው ተዉት፤ ቀን ድልድዩ ጋ ወስደው "በዚህ ውስጥ የምታዩትን ሳሉ" ሊሏቸው። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ሥዕሉን ሊያዩ ፎቅ ቢወጡ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኙት። ደንግጠው በሩጫ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸው።

"ማንም አልነካዎትም?"

"ማን ይነካኛል ልጄ? ዕድሜ ነው የገፈተረኝ። በዚህ ዕድሜዬ ደረጃ ላይ መሮጤ!"

ኢንስፔክተሯ ሥዕሉ ያለበትን ስትነግራቸው ሲስቁ ጭንቅላታቸውን አመማቸው፤ ነርሷ መጥታ ሁለቱንም ተቆጣች።

* * *

ማሙሽ በፖሊስ ጣቢያው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ በሩን ራሷ ከፈተች። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ከዚያ "ነጻ ነህ፤ ሂድ" አለችው።

አልተነሳም።

"ምነው? እናትህ እየጠበቁህ ነው።"

"የት ልሂድ?" አለ ማሙሽ ቀስ ብሎ። "ስወሰድ ሰፈሩ በሙሉ አይቶኛል። አሁን ብቻዬን በእግሬ ስገባ፣ 'ለቀቁት' ነው የሚሉት፤ 'አልሰረቀም' አይሉም። ፀጉር አስተካካዩን አላውቀውም? የቤቱ ባለቤቶችም ከሱ ነው የሚሰሙት። በአደባባይ ነው የወሰዱኝ፤ በአደባባይ ይመልሱኝ።"

ሳጅኑ "እንዴት ያለ ነገር ነው!" ብሎ ተነሳ። ኢንስፔክተሯ እጇን አነሳችበት። ማሙሽን አየችው። ይህ ሰው ትናንት ለእናቱ መስታወት ሲል ዋሽቶ ነበር፤ ዛሬ እሷን ቀና ብሎ እያያት ነው።

"ልክ ነህ" አለችው።

መኪናው ከቤቱ በር ፊት ለፊት ቆመ። ጎረቤቱ ወጥቷል፤ ተማሪዎቹ በረንዳው ላይ ናቸው፤ የቤቱ ባለቤቶች ዜናውን ሰምተው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ኢንስፔክተሯ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች። ማሙሽ ወጣ። ኮፍያዋን አወለቀች፤ የሚያማት ጥርስ እንኳ በዚያች ሰዓት ተረሳት።

"ስሙኝ!" አለች፣ እስከ ፀጉር ቤቱ በሚሰማ ድምፅ። "ትናንት ይህን ሰው ከዚህ ቦታ በካቴና ወስጄዋለሁ። አልሰረቀም። ማንንም አልመታም። ሥዕሉ ከቤቱ አልወጣም፤ መምህርቷም ደህና ናቸው፤ በራሳቸው አፍ ነግረውኛል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማሙሽ ንጹህ ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ የሚል ካለ ለኔ ይንገር።"

ከዚያ ከቤቱ ባለቤቶች አንዱ፣ ሽማግሌው፣ ወደፊት መጥቶ ለማሙሽ እጁን ዘረጋለት። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀና ተራውን ወሰደ። ሌላውም ተከተለ።

እማማ ቁልፌ ግን ከደረጃው አልተነሱም። ማሙሽ የሰውን እጅ ጨብጦ ሲጨርስ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እናቱ ራሱን ወደ ደረታቸው ስበው፣ ሽበቱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ "ሁሉም ሰሙ" አሉት፤ "ሁሉም ሰሙ፣ ልጄ።"